ሰባተኛዋ ነጥብ

ከፖርቶ ደቡብ፣ ዝናብ የፋብሪካውን ቆርቆሮ ሲወቅጥ፣
ሉዶቪና በርጩማዋን ስባ ከመቁረጫው ጎን ስትቀመጥ፣
በየሰዓቱ አምስት ቡሽ ከቅርጫቱ ትዘግናለች፤
በካሊፐሯ መንጋጋ አንድ ባንድ ትነክሳለች፤
ደምራ፣ ለአምስት ከፍላ፣ አንዲት ነጥብ ትጥላለች።
ከላይ መስመር፣ ከታች መስመር፣ መሐሉ ሃያ አራት ሚሊ ሜትር፤
ነጥቦቿ እንደ አዳር ዘበኛ ይንጎራደዳሉ በሁለቱ አጥር።

እኔ ዓመቴ አሥራ ዘጠኝ፣ መፍቻ ከእጄ የማይለይ፤
አንዲት ቡሽ ብትወፍር ወደ ታች፣ ብትቀጥን ወደ ላይ፣
ብሎኗን ሳዞር፣ ሳስተካክል፣ ደግሞ ሳዞር ውዬ
ነጥቦቹ እንደ ሰካራም ተንገዳገዱ፣ በትጋቴ ተታልዬ።
በእርሳሷ እጄን መታችኝ። «ተው ዛካሪያስ፣ ተዋት!
የዛፍ ልጣጭ ናት እኮ፤ ዘጠኝ ዓመት ዝናብና ድርቅ የጻፈባት።
መኪናዋም ትተነፍሳለች። ደረቷ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር
ሐኪም አይጠራም፤ እስትንፋስ ሌላ፣ ሌላ ነው ችግር።»

ተውሁ። መፍቻዬን ሰቀልሁ። ነጥቦቹ ሰከኑ።

በኅዳር አንድ ቀን ከመሐሉ በላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አሉ፤
አጥሩን አልነኩ፣ አልዘለሉ፤
አራት፣ አምስት፣ ስድስት። እኔም የተማርሁትን አጥብቄ
«እስትንፋስ ነው» አልኋት፣ የራሷን ቃል ከአፏ ነጥቄ።
ሰባተኛዋ ስታርፍ ተነሥታ ቀዩን ቁልፍ ተጫነች።
አለቃው አንሴልሞ ጃንጥላውን ሳያጥፍ ሮጦ መጣ፤
«አንድም ቡሽ አልተበላሸ! ጠርሙስ ይጠብቃል!» ሲል በቁጣ፣
«ሊበላሽ ነው» አለች። «ሳንቲም ሰባት ጊዜ ባንድ ፊቷ ከወደቀች
ወይ የሰው እጅ አለበት፣ ወይ ሳንቲሟ ጎብጣለች።»
ከፈቱት። ኩሽኔታው እንደ አሮጌ ጥርስ ይነቃነቃል ልሞ፤
ቃል ሳይተነፍስ መብራት ያዘላት አንሴልሞ።

ሉዶቪና ከደወሉ ሩብ ሰዓት ቀድማ ነበር የምትገባ።
በየካቲት፣ አንድ ሰኞ፣ ዐሥር ደቂቃ ሲቀረው ገባች።
ማክሰኞ ዘጠኝ። ረቡዕ ሰባት፣ ደረጃው መሐል ጉልበቷን ይዛ ቆማ።
ሐሙስ ስድስት። ዐርብ አራት። ቅዳሜ ሦስት።
ሰኞ ሁለት፣ ያውም ደወሉን ቀድማ።
ሰዓት ጠባቂው ምን ይጻፍባት? አንድም ቀን አላረፈደች።
እኔ፣ መቁጠር ያስተማረችኝ፣ «ደህና አደርሽ» ብዬ አለፍሁ፤
«ደህና» አለች።

ማክሰኞ በርጩማዋ ባዶ ነበር፤
ካሊፐሯ ምንም ሳይነክስ አፉን ከፍቶ።
አምስት ቡሽ ዘገንሁ። ለካሁ፣ ደመርሁ፣ ከፈልሁ።
ነጥቧ ልክ ሃያ አራት ላይ፣ መሐሉ መስመር ላይ ዐረፈች።
ወረቀቱ እንዲህ ያለ ጥሩ ቀን አይቶ አያውቅም።