ቆሮሶ በፈለጅ

ፈለጅ ይሉታል እዚህ። የእኛ ቄስ ፈለግ ይላሉ፤
ወንዝ ነው ሲያነቡት፣ ዱካ ነው ሲከተሉ።
ከኒዝዋ ወዲህ፣ ከተራራው እግር፣
ከቴምሩ ጥላ ሥር፣
በድንጋይ ቦይ ይመጣል፣ ክንድ ተኩል ስፋቱ፤
በሰዓት ይቆጠራል፣ በድርሻ ነው ሀብቱ።

የውኃው ዳኛ ኸልፋን ነው፣ የቤቱ ትልቅ ሰው፣
በእንጨት ጥላ ሰዓት ለክቶ ለየማሳው የሚያደርሰው።
ማታ እግሩን ሲያስገባ ትንንሾቹ ይመጣሉ፣
ጣት የማይሞሉ፣
ተረከዙን ይለቃቅማሉ።
"ከአያቴ አያት በፊት" ይለኛል "እነዚህ ነበሩ፤
ዓይን ያላቸውም የሌላቸውም፣ ከምድር ሥር የሚኖሩ።"
ይስቃል ሲኮረኩሩት። እኔም አብሬ እስቃለሁ።
ነገሩን በአፌ ይዣለሁ።

ልጁ ሙሃነድ ነው ያመጣው፣ ዓሣ ከሚረባበት ከባርካ፣
በቀለም ባልዲ፣ ስድስት፣ ከነነፍሳቸው፣ ለእራት እንዲበቃ።
ክዳኑን ሳነሣ፦ ቆሮሶ!
በደንገል ታንኳ ላይ ሳለሁ፣ ፊቴን በጅራቱ አርሶ
የሚያመልጠኝ የዝዋዩ፣ ያው እሱ፣ የቀለም ባልዲ ለብሶ።

አምስቱን ገደልኩ። ቅርፊቱን ፋቅሁ፣ ሎሚ ቀባሁ።
የስድስተኛዋ ጉንጭ አብጧል፤ አፏን በአውራ ጣቴ ከፈትኩ፣ አየሁ፦
ጫጩት ብቻ፣ ዓይን ብቻ፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያክል፣
ምላሷ ላይ ተደራርቦ፣ ሊወጣ ሲታገል።
እናት ቆሮሶ እንዲህ ናት፤ ልጆቿን ጎርሳ ትጾማለች፣
ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሳትውጥ ሳትተፋ ትቆያለች።
እኔም ለኤጀንሲው "ልጅ የለኝም" ብዬ ነው የፈረምኩት፤
የዘርትሁንን ስም በምላሴ ሥር ነው ይዤ የመጣሁት።

ሌሊት ወጣሁ በባዶ እግሬ፤ ባልዲውን አዘነበልኩ፤
"ሂጂ" አልኳት። ደግ ሠራሁ አልኩ።

ሁለት ዓመት።
ኢቃማዬ አንዴ ታደሰ። እሷን ማኅተም አልጠየቃት ማንም፤
ከፊል የላት፣ ፓስፖርቷ መሳቢያ ውስጥ አልተቆለፈም።
ከቦይ ወደ ቦይ፣ ከመስጊዱ መታጠቢያ እስከ ሙዙ ማሳ፣
በጎርፉ ቀን ወደ ዋዲው፣ ከዋዲው ወደ ግድቡ ገሥግሣ።
የታችኛው መንደር ባንግላዴሾች በመንጠቆ ያወጧታል፤
ከየት እንደመጣች አይጠይቁም፣ ስለጣመች ይወዷታል።

ኸልፋን ግን ማታ እግሩን ያስገባል፤ የሚመጣ የለም።
"ትንንሾቹን ማን ፈጃቸው? ማን አመጣው ይህን ባዳ?"
እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ አጥባለሁ የታጠበ ጓዳ።

አባቴም እንዲሁ ነበር የሚረግመው ካርፕ የሚሉትን፣
ከውጭ መጥቶ ሐይቃችንን ጭቃ በጭቃ ያደረገውን።
"ይሄ መጤ!" ይል ነበር፣ መረቡን እያራገፈ፤
ያኔ ሳቅሁበት። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ እኔው ላይ አረፈ።

አትሳሳቱ። እኔ ዓሣ አይደለሁም፤ እሷም እኔ አይደለችም።
እኔ የማንንም እንቁላል አልበላሁም።
እሷ በላች፤ ራቧ ነው፣ ጥፋቷ አይደለም፣ ግን በላች።
የለቀቃት ደግነቴ ነው። ደግነቴ ናት የፈጀች።

ከወንፊትና ከአሮጌ ሻሽ መረብ ሠራሁ እንደ አባቴ፤
ጎሕ ሲቀድ ቦዩ ውስጥ ነኝ፣ ውኃው እስከ ጉልበቴ።
ሠላሳ አንድ።
የመጨረሻዋ ጉንጭ አብጧል፤
አውራ ጣቴ ያውቀዋል።
አፏን አልከፈትኩም። ባልዲው ውስጥ ጨመርኳት፣ ክዳኑን ገጠምኩ፣
ሄጄ ኸልፋን ፊት፣ ከእንጨቱ ጥላ አጠገብ ቆምኩ፤
በአፌ የያዝኩትን ሁሉ ተፋሁት፦ ባልዲውን፣ ያን ሌሊት፣
ዘርትሁንንም ሳይቀር፣ ስሟን ጮክ ብዬ ጠራኋት።

ዝም አለ። ጥላው አንድ ጣት ሄደ፤ ውኃውን ወደ ሌላ ማሳ መለሰ፤
እጁን በጨርቁ አበሰ።
"የወንፊቱን ቀዳዳ ሰፋ አድርጊው" አለ፤ "ትንንሾቹ ተርፈው ካሉ፣ ይለፉ።
ነገም ነይ።"

ቆይቶ፦ "ስንት ዓመቷ ነው?"
"ስምንት" አልኩ።
እግሩን ውኃው ውስጥ አስገባ።
ጠበቀ።