ስድስተኛዋ ጠብታ

በረዶ እንደለቀቀ፣ ከሳይማ ሐይቅ ዳር
አሮጌ ጀልባ ላይ ሄድኩ፣ ከሽማግሌው ጋር
ልደራደር።

አልሙኒየም ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል፤
ጎኗን በጣቴ ስመታው የድስት ድምፅ ያወጣል።
ኦስሞ ሞተሩን በርሜል ውስጥ ነክሮ ገመድ ሳበ፤
ሁለት ጊዜ ሳለ፣ በሦስተኛው አሰበ፣
በአራተኛው ተነሣ።

የኋላዋን ሳንቃ በካራ ጫፍ ወጋሁ፤
ጠንካራ ነው፤ አልገባም። ወደ ዋጋው ተጠጋሁ።

እሱ ግን ዝም ብሎ የውሃ ጎማ ጎተተ፤
በሆዷ ውስጥ ከፈተ።
«ጀልባን ወደ ሐይቅ አትውሰድ፤ ሐይቁን ወደ ጀልባ አምጣ»
አለኝ፤ ቆመን ጠበቅን፣ በየት በኩል እንደሚወጣ።

ማዶ ያለው ሰውዬ፣ የእሱን ቀለም ቀብቶ፣
«ጠብ አትልም» ብሎኝ ነበር፣ ደረቱን መትቶ።

አንዷ ከቀኝ ጎን ወጣች፤ አንዷ ከምስማር ሥር፤
ኦስሞ በቀይ እርሳስ ሲከብ፣ ሲቆጥር፣
አምስት ደረሰ። ስድስተኛዋን
እኔ አላየኋትም ነበር።

ዩሮውን ቆጠርኩለት፤ አላስቀነስኩም ምንም።
ለኢርያ፣ መረብ ይዛ ለምትጠብቀኝ እህቴም፣
«ታፈሳለች» እላለሁ፤
«የት የት እንደሆነ ግን
አውቃለሁ።»