ጨርቁ ሲርስ

የሴቨሪኖ ሱቅ ነው፣ ማዱሬራ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣
ከበሮ እንደ ድንች ተከምሮ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተንዶ።
ዜኒልዳ ገንዘቡን ይዛለች፣ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣
ጥቁር ቦሎቄ ቀቅለን፣ ለሰፈር ሸጠን፣ ያጠራቀምነው ዘንድሮ።
«ከዚህ በላይ የለም» አለች፣ ክዳኑን በጥፍሯ ቆርቁራ፣
«ግን ኩይካ የሌለው ሳምባ፣ ጥርስ የሌለው ሳቅ ነው፤ ምረጡ፣ አደራ።»

የምጫወተው እኔ ነኝ። የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነኝ፣
ከበሮ በሰው እጅ አምሮ፣ ስይዘው ያደናገረኝ።

የማይመቱት ከበሮ ነው።
ከቆዳው እምብርት ታስራ፣ በሆዱ ቀጭን ሸንበቆ ወርዳ፣
በርጥብ ጨርቅ ሲያሿት፣ የውስጧን ታወጣለች ለእንግዳ።

ሦስት ወረዱ ከመደርደሪያ፤
አንዱ አሥር ኢንች፣ ኒኬል፣ ፊቴን ያየሁበት፣
አንዱ የእንጨት፣ ቫርኒሹ ገና የሚሸት፣
አንዱ ስምንት ኢንች፣ አሉሚኒየም፣ ጎኑ በምት የተጎዳ፣
ዋጋው ሁለቴ የተሰረዘ፣ ገዢ ያጣ የዓመት ዕዳ።

ጁራንዲር ጨርቅ አወጣ። «ውሃ» አለ። ሴቨሪኖ ሳቀ።
«ውሃማ ከማክሰኞ ወዲህ ከሰፈሩ ራቀ!»
ቧንቧው ተከፈተ፣ አየር ተነፈሰ፣ ከዚያ ዝም፣
በደረቅ ጨርቅ ሦስቱም ሲጥ ከማለት በቀር ቃል የላቸውም።

ሽማግሌው ግን ጨርቄን ማቄን ሳይል አንገቱን፣ ብብቱን አበሰ፣
የቀኑን ላብ ጠጥቶ ጨርቁ እስኪያንጠባጥብ ራሰ።

ኒኬሉ ጮኸ፤ እንደ ሻጩ፣ ብዙ ጮኸ።
እንጨቱ አጉረመረመ፣ ያለ ሰዓቱ እንደተቀሰቀሰ ሰው።
«ያንን ቁስለኛ አምጪው።»
እጁ እስከ ክንዱ ገባ፤
መጀመሪያ ሆድ የባሰው ሰው ሳግ፣ ቀጥሎ ሳቅ፣ ደግሞ እንባ።

«ሰማኸው?» አልኩት። አልሰማም። ግራ ጆሮው ከሞተ ሰንብቷል፣
አርባ ካርኒቫል ከትልቁ ከበሮ ጎን፤
ቀኙንም ለመንገዱ ጫጫታ ትቷል።
አውራ ጣቱን ከቋጠሮው አጠገብ አሳርፎ፣ «ነይ፣ እዚህ ጋ ንኪ» አለኝ፣
«ጆሮ ቀበጥ ነው፣ በሚያብረቀርቅ ይታለላል። ጣትሽ ይምረጥልኝ።»

ነካሁ።
እንደ ጨቅላ እርግብግቢት
ከጣቴ ስር ይርገበገባል።

ዜኒልዳ ቆርቆሮውን ገለበጠች፤ ሁለት ሳንቲም ተረፈን፣
ሴቨሪኖ እየተነጫነጨ መለዋወጫ ሸንበቆ መረቀን።

ስንመለስ አውቶቡሱ ሞልቷል፣ ኩይካው ጉልበቴ ላይ፣
እጄን ከነጨርቁ ውስጡ ረስቼዋለሁ።
መንገዱ ጎርባጣ።
በየጉድጓዱ «ኡ…» ይላል።
ከፊቴ አንዲት ሕፃን የእናቷን እጅ ለቃ፣
ከወንበሬ ስር ጎንበስ ብላ
ቡችላውን ትፈልጋለች።