የውሃ በረኛ

ከጌንት ወጣ ብሎ፣ ሜሬልቤከ ዳር፣
ቦዩን የሚያይ ቤት አለ፣ መጋረጃው አጭር።
ኦክታፍ፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
እጁን ታጥቦ ይጠብቀኛል፣ ድመቷን አስወጥቶ ከቤቱ።

አርባ ዓመት የቦይ በር ከፍቷል፣ ዘግቷል፣
ውሃ ሞልቶ፣ ውሃ አጉድሎ፣ ጀልባ አሻግሯል።
ዛሬ በሩ ሆዱ ላይ ነው፤ ከእምብርቱ በስተግራ
ቀጭን ቱቦ ይዟል የኩላሊቱን ሥራ።
አራት ጊዜ ይሞላል፣ አራት ጊዜ ይጎድላል።
"ጡረታ የወጣሁ መስሎኝ ነበር" ይላል፣
"የሚያልፈው ጀልባ እኔው ነኝ፣ ያውም ያለ ቀረጥ።"
እስቃለሁ፤ ጣቴ የቁርጭምጭሚቱን እብጠት ሲረግጥ
ጉድጓዱ እስኪሞላ ሰከንድ እቆጥራለሁ።

ቆሞ ሲያስል እምብርቱ እንቁላል ያህል ይወጣል፤
ቡአ ነው፤ ሐኪሙ "በዚህ ዕድሜ ቢላዋ ይቆይ" ብሏል።
ቀበቶ አሰርን፤ የቀኑን ውሃ ቀነስን፣
ሙሉውን ለሌሊት፣ ጋደም ሲል ተውን።
አንዳንዴ ውሃው አልወርድም ይላል።
ቱቦውን አልወቅስም፤ አንጀቱ ደርቋል፣
አራት ቀን ሆኖታል፣ ለኔ መንገር አፍሯል።
ሽሮፕ ይጠጣል፣ ሳሎኑን ይዞራል፣
በማግስቱ ቱቦው ውስጥ ወንዝ ይሰማል።

ከሁሉ በላይ ግን ጋዜጣው።
የወጣውን ውሃ ከነከረጢቱ አንስቶ
ከጀርባው ገጽ ይዘረጋል፤
ፊደሉ ከተነበበ ሆዱ ሰላም አድሯል።
ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤
ቅዳሜና እሑድ ብቻውን ነው።

ሰኞ ስመጣ በፒጃማው ቁጭ ብሏል፣
ሆዱን በሁለት እጁ ደግፎ።
"ዓይኔ ነው" አለኝ። "መነጽሬ ደክሟል።
ከቅዳሜ ወዲህ ፊደል ጠፍቶብኛል።
መነጽር ቤት ቀጠሮ ይዣለሁ፣ አይዞሽ።"

ከረጢቱን አነሳሁት።
አጓት።
ዓይኑ ደህና ነበር።

ካልደፈረሰ አይጠራም ይላሉ በአገሬ፤
ለጠብ ይሆን ይሆናል፣ ወይ ለትዳር ወሬ፤
ለሆድ ግን አይሠራም፣
በድፍርስ ሆድ አንድ ሌሊት አይታደርም።
ከረጢቱን በፌስታል፣ እሱን በካፖርቱ ጠቅልዬ
ሆስፒታል ስንደርስ፣ መኪናው ሳይቆም፣
"እጄ ተንቀጠቀጠ" አለ፤ "የቱቦው ጫፍ ጠረጴዛ ነካ።
ጠርጌ ገጠምኩት። ልነግርሽ ነበር።"
አልተቆጣሁም።
አርባ ዓመት በር የዘጋ እጅ ነው።

መድኃኒቱም በዚያው በር ገባ፣ ከውሃው ጋር፤
ትኩሳቱ ወረደ፣ ሕመሙ ጀመረ መብረድ።
በአምስተኛው ቀን ከረጢቱን ወደ መስኮቱ አነሳ፣
ጋዜጣውን እኔ ከጀርባ ያዝኩለት።
ጣቱን እየጎተተ አነበበ፦
"የሚሸጥ ብስክሌት። የሴት። ጥቂት የዛገ።"
ስልክ ቁጥሩንም እስከ መጨረሻው፣ አንድ ሳይስት።

የመነጽሩን ቀጠሮ ግን አልሰረዘም።