አምስት ጣት

ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በሁለት አውሮፕላን መሃል፣
እንደ ተረሳ ሻንጣ ሰው የትስ ይቀመጣል?
ወንበሩ ብረት ነው፣ በየመሃሉ አጥር፣
ጋደም እንዳይል ሰው፣ ቁጭ ብሎ እንዲቆጥር።
የሽቶ ሱቅ አየሁ፤ ዞሬም እንደገና አየሁት፤
በሦስተኛው ዙር ላይ ሻጭዋን ሰላም አልኳት።

ከዚያ አንድ መኮንን፣ ፊቱ እንቅልፍ የጠገበ፣
ፓስፖርቴን ገልጦ ሳይቸኩል አነበበ።
«የት ነው?» «ከተማ።» «ለስንት ቀን?» «ለአንድ ከሰዓት።»
ሳቁንም ማኅተሙንም አብሮ መታው በአንድ ምት።

ባቡሩ ከመሬት በታች ሲበርር፣ ሲያንኳኳ፣
ሊዝበን ማለት ጥቁር ግድግዳ ናት ለካ!
ብቅ ስል ግን ብርሃን፤ ብርሃን እና ዳገት፣
የማላውቀው ሰው ካልሲ ከመስኮት ተሰቅሎ ሲያወጋ ከጎረቤት።

ዕቅድማ ነበረኝ፣ ስልኬ ላይ በቀይ ተነጥቦ፣
ግንብ፣ ገዳም፣ አደባባይ፤ ለየአንዳንዱ ደቂቃው ተመድቦ።
ባትሪው ግን አለቀ፣ መጀመሪያው ጋ እንኳ ሳያደርሰኝ፤
ወንዝ ወንዝ የሚል ነፋስ ቁልቁል ጎተተኝ።
ሰው ሲሰለፍ ተሰለፍኩ፣ ሲከፍል እኔም ከፈልኩ፣
መሬቱ ሲሸሸኝ ጀልባ መሆኑን አወቅኩ።

ካሲልያሽ ይሉታል ማዶውን። አሮጌ መጋዘን፣ መስታወቱ የረገፈ፣
ዘንጉን ታቅፎ አንድ ሽማግሌ ከውሃው ዳር የተለጠፈ።
«ቤልሚሮ» አለ ደረቱን መትቶ፤ እኔም ስሜን ነገርኩት፤
ሦስቴ ሞከረው፤ ሦስቴም ሌላ ሰው ሆንኩለት።
ከዚያ የዓሣ ዘንጉን እጄ ላይ አስቀመጠና፣
አምስት ጣት አሳየኝ፤ «ሲንኩ!» አለና
ሄደ፤ ዞር ሳይል፣ ወደ ጠባቧ መንገድ አቀና።

አምስት ደቂቃ፣ አልኩ፣ አምስት ደቂቃ ምን አላት!
አምስት ጣት እኩል አይደለም ሲሉ ስለ ደቂቃም ይሆን የተረቱት?
አሥር ሆነ። ሃያ። አንዱ ጀልባ ሄደ፣ ሌላው መጣ፤
ፀሐይ ወደ ረጅሙ ድልድይ ዘመመች፤ የእኔ ሰውዬ አልመጣ።
ጥዬው ልሂድ? የሰው አደራ እንዴት ይጣላል?
ቆሜ ልቅር? አውሮፕላን ለአደራ ብሎ መች ይቆማል?
አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ፤ የእኔ ሰማይ ግን ቀርቧል፣
በር ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ሁለት ተኩል ላይ ይዘጋል።

ያኔ ዘንጉ ነቃ።
መጀመሪያ ነካ ነካ፤ ከዚያ እንደ ወያላ ክንዴን ይዞ ጉተታ፣ ጥድፊያ፣ ሲቃ።
የትምህርት ቤት ቦርሳ ያዘለች ልጅ እየሳቀች በአየር ላይ ክብ ሠራች፤
አሽከርክር ማለቷ ነው፤ ዓሣዋም ሳትወድ በግዷ መጣች።
መዳፍ የማትሞላ! ያን ሁሉ ጉልበት የት ሸሽጋው ኖሯል?

ቤልሚሮ ሲመለስ አርባ ደቂቃ ሞልቷል፤
በብብቱ ዳቦ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጥብስ ሰርዲን ይዟል፤
በእኔም በወንዙም እምነት እንዳልነበረው ገብቶኛል።
ዓሣዋን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፤ ለእሷ ይሁን ለእኔ አላውቅም፤
መንጠቆውን ፈትቶ ወደ ወንዙ መለሳት፤ ወንዙ አመሰግናለሁ አላለም።

ዳቦውን ለሁለት ገመሰ። ቆመን በላን። ጨው፣ ዘይት፣ አጥንት።
ከዚያ ሰማዩን አሳየሁትና ክንዴን ክንፍ አደረግኩት፤
እሱም አምስት ጣቱን ዘረጋ፣ አሁን ደግሞ ለስንብት።

ሮጥኩ። ጀልባ፣ ባቡር፣ ፍተሻ፤ ቀበቶ ፍታ፣ ጫማ አውልቅ፤
የሽቶ ሱቋ ልጅ ጠረኔ ሲደርሳት ሳልጠይቃት ረጨችኝ፣ በሳቅ።

«ግንቡን አየኸው? ገዳሙንስ?» አለኝ የወንበር ጎረቤቴ።
አላየሁም አልኩት። ግን ዘጠኝ ሺህ ሜትር ላይ፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ፣
አንዳች ነገር ከታች ሳብ ያደርገኝ ነበር።
ሳብ። ደግሞ ሳብ።