ከበሩ ኋላ ያለው ሻንጣ

ኢማኮላታ ናት የዛሬ መሪያችን፤
ቢጫ ዣንጥላዋን ይዛ ከፊታችን፣
ከኤርኮላኖ አስፋልት በደረጃ ወረድን፤
እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቃዛ አየር ቀዳን።

ከቦርሳዋ ፎቶ መዘዘች፤
«ዳቦ ነው፣ ከሰል የሆነ» አለች፤
«ስምንት ቦታ ተሰምሮ ማንም ያልቆረሰው፣
ከበላተኛው ቀድሞ ዐመድ የደረሰው።»

በጀልባ ማቆሚያው፣ ዐፅም ከዐፅም ተኝቶ፣
ድምፃችን ዝቅ አለ፣ ቤት እንደሚገባ ሰው አምሽቶ።
«ይቺ ቁልፍ ይዛ ነው የተገኘች፤
ቤቷን ቆልፋ ወጥታ፣
ልትመለስ ነበራ ማታ።»

ከዚያ አውቶቡስ፤ ካታልዶ በየኩርባው እያጮኸ ጥሩምባ፣
ሆዳችን እየተገለበጠ፣ ከጉም መሀል ስንገባ።
ቬሱቪየስ አናት ላይ፣ እሳት ብለን ወጥተን ጠጠር ጠበቀን፤
ቀጭን እንፋሎት፣ አንድ ሎሚ ሻጭ፣ ነፋስ ኮፍያ እየነጠቀን።

አንድ የኖርዌይ ሽማግሌ፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣
«ለምን ታዲያ አትሸሹም?» አሉ ወደ ታች አይተው።

በዣንጥላዋ ጫፍ ጠቆመች፦
«ያቺ ሰማያዊ አንሶላ
የተሰጣችበት ሰገነት የኔ ናት።
ሻንጣ አለኝ ከበሩ ኋላ፣
‹ውጡ!› ሲሉን ይዤው የምወጣት።
አምና ዝናብ ሲበረታ ጫማውን ተበደርኩት፤
እስካሁን አልመለስኩት።»

ዝቅ ብለን አየን፦
ግራጫ አቧራ የጠጣ፣ ተረከዙ የተበላ።

ደመና ከባሕሩ ተነሣ።
እኛ ወደ እሳተ ገሞራው አፍ ካሜራ ስንደቅን፣
እሷ ብቻ ቁልቁል ታያለች፤
«ውይ፣ አንሶላዬ» አለች።