ሰማንያ ሰባተኛዋ

ባቡር ከሚሮጥበት፣ እምብዛም ከማይቆምበት፣
ከጎቢ በረሃ መሐል፣ ከአንዲት ጣቢያ ቤት፣
ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ ሥራዬ መቁጠር ነው፤
በአንድ ሌሊት ሁለት፣ ሲበዛ ሦስት ሰው።

ለዚህ ይሆናል ጎምቦዶርጅ የጠራኝ፣
በታኅሣሥ አጋማሽ መስኮቴን አንኳኩቶ፣
"ዛሬ ሰማይ ይዘንባል፣ ነይ ቁጠሪ" ያለኝ፣
ጢሙ ላይ ትንፋሹ በረዶ ሆኖ ረግቶ።

አርባ ዓመት የሐዲድ መብራት ሲያበራ ሲያጠፋ፣
በቀይና በአረንጓዴ ዓይኑን ሲያለፋ፣
ጡረታ ሲወጣ ነጭ ብርሃን አማረው፤
ሁለት ዓመት ሙሉ መስተዋት ፈገፈገው፣
በአሸዋ፣ በውኃ፣ በትዕግሥት፣ በመዳፉ፣
ጎረቤቶቹ ዓይተው እየሳቁ ሲያልፉ።
ያ ነው ቴሌስኮፑ፤ የውኃ ቧንቧ ገላው፣
የጋሪ ጎማ እግሩ፣ ሽቦ ነው ማሰሪያው።

ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ። የእስክሪብቶዬ ቀለም ቀዘቀዘ፤
በእርሳስ ጻፍኩ፤ ጣቴ ጓንት ውስጥ ደነዘዘ።
ሶሎንጎ፣ የልጅ ልጁ፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣
በበግ ቆዳ ታሽጋ፣ አፍንጫ ነው ፊቷ።

መጀመሪያ ጁፒተር፤ በግራ በቀኙ
አራት ነጥብ ያዘለ።
"ጨረቃዎቹ ናቸው፤ ነገ ብታያቸው
ቦታ ቀይረዋል" አለ።
"እንደ ፉርጎ?" አለች። "እንደ ፉርጎ፣ እንዴታ፣
ግን አይዘገዩም፤ አንድም ቀን፣ አንድም ማታ።"
ሳተርን ወደ ምዕራብ ሊጠልቅ አቆልቁሎ፣
ቀለበቱ ቀጥኖ፣ መርፌ የወጋው ዶቃ መስሎ።

ከዚያ በጀርባችን ተኛን፣ በደረቀው ሣር ላይ፤
"ሦስቱ አጋዘኖች" በሰልፍ ሲያልፉ ከላይ፣
ሰሜን ላይ የቆመች የወርቅ ካስማ፣
ሰማይ እንደ ፈረስ የሚዞራት፣ ታስሮ በጨለማ።

መጣች የመጀመሪያዋ!
ነጭ ጭረት፣ የክብሪት፣
ተጭራ ሳትነድ የቀረች።
እናንተ አገር እንጃ፤ እዚህ ኮከብ ሲወድቅ
አንድ ሰው ሞተ ነው፤ ፈጥኖ ነው መራቅ፦
እንትፍ! የኔ አይደለችም። እንትፍ! የኔም አይደለች።
ሃያኛዋ ላይ ሶሎንጎ አፏ ደረቀ፣ ሳቀች፤
"አያቴ፣ ምራቄ አለቀ፤ ለአምስቷ አንዴ ይሁን?"
"ይሁን" አለ፤ "ሰማይም ያውቃል ብርዱን።"

ሰባት ሰዓት ከአሥር፣ የከሰል ባቡር መጣ፤
መብራቱ የለመደ ዓይንን ከጨለማ ሊያስወጣ።
"ጨፍኑ!" አለ ሽማግሌው፣ በጥንቱ የሥራ ድምፁ።
ጨፈንኩ። ስልሳ ሁለት ፉርጎ
(ልማድ ነው፣ በጆሮዬ ቆጠርኩ)፤
መሬቱ ከጀርባችን ሥር ተንቀጠቀጠ፤
ከዚያ ዝምታ መጥቶ፣ አቧራ መስሎ ተቀመጠ።

"አንድ አለፈቻችሁ" አለች። "አንድ ዓይኔን ገልጬ ነበር።
አረንጓዴ ናት፣ ቀስ ያለች፤ ወደ ደቡብ ስትበር
ጭራዋ ቆየ፣ እስከ አምስት ስቆጥር።"

መዝገቤን ገለጥኩ፤ ሰማንያ ስድስት ይላል።
እኛ አላየናት። ልጅቷም ከመገረሟ
እንትፍ ማለት ረሳች።
የማን አለመሆኗ ሳይነገር አለፈች።

ሽማግሌውን ሳል ያዘው፤ ቆየና ለቀቀው።
"ወደ ደቡብ?"
"ወደ ደቡብ።"
"አረንጓዴ?"
"እንደ መብራትህ።"
"መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው" አለ፣
ቧንቧውን ወደ ምሥራቅ እያዞረ።

ግማሽ ጨረቃ ወጥታለች፣ ቀይ፣ ጠርዟ የተበላ፤
"ጣቢያችንን ትመስላለች" አለች ሶሎንጎ፣
"ሜዳ፣ ድንጋይ፣ ጥላ።"
ብርሃኗ ሲበረታ ትንንሾቹ ኮከቦች ጠፉ፤
አንዷን ጭረት ጨመርኩ፦ ሰማንያ ሰባት።
ከጎኗ ቦታ ተውኩ፤
የሚጻፍ አላገኘሁላት።